የወይዘሮ ሬኔ ልጅና ባለ50 ፎቁ ሕንፃ

ስለ ትልልቅ ሕንፃና ስለ ባለሀብት የሚነገር ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው በኢኮኖሚ ገጽ ላይ ነው። በዚህ የሴቶችና የቤተሰብ ዓምድ ስለ አንድ የሪል እስቴት ባለሀብት ስናነሳ «ይህ ደግሞ ለእኛ ምናችን ነው?» የምትሉ እናቶች ትኖሩ ይሆናል። ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው። ሆኖም የዚህን ሰው የሕይወት ታሪክ አገላብጠን ስናየው መነሻው ከአንዲት የስድስት ልጆች እናት ቤት ሆኖ ስላገኘነው፣ ወሬውን ከእናቲቱ ጀምረን ልናወጋችሁ ወደድን። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

ሰውየው ፖል ራይክማን ይባላሉ። በቪየና ተወልደው፣ በስደት አድገው፣ በካናዳዋ ቶሮንቶ ከተማ ሀብት አፍርተው፣ በኒው ዮርክና በሎንዶን ሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎችን ያቆሙ ሰው ናቸው። ከወንድሞቻቸው ጋር በአንድ ወቅት ከዓለም ታላላቅ ባለጸጎች ተርታ ተሰልፈው ነበር። በ1992 ደግሞ ኩባንያቸው ወደ 20 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ዕዳ እንደ ተሸከመ ወደቀ። ይህን ያህል ወጥቶ ይህን ያህል የወረደ ሰው ከየት መጣ? ቤቱስ ምን ዓይነት ቤት ነበር?

እናታቸው ወይዘሮ ሬኔ በ1898 በሃንጋሪ ተወለዱ። ባለቤታቸው ሳሙኤል ራይክማን ቤለድ ከምትባል ትንሽ የሃንጋሪ ከተማ የወጡ የእንቁላል ነጋዴ ነበሩ። ሁለቱም ሃይማኖታቸውን አጥብቀው የሚይዙ አይሁዳውያን ናቸው። እንቁላል መነገድ ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። ገበያ ወጥታችሁ አንድ ደርዘን ገዝታችሁ አውቶቡስ የተሳፈራችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ ዕቃው ቶሎ ይሰበራል፣ ከቆየም ይበላሻል። ሳሙኤል ግን ይህንኑ ዕቃ ድንበር እያሻገሩ ወደ ውጭ አገር በመላክ ደህና ኑሮ መሠረቱ፤ በ1928 ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ኦስትሪያ ዋና ከተማ ወደ ቪየና ገቡ። ፖል የተወለደው እዚያው ቪየና ውስጥ በመስከረም 1930 ነው። ከአንዲት እህቱና ከአራት ወንድሞቹ መካከል ሲቆጠር አምስተኛው ልጅ ነበር።

በመጋቢት 1938 የሂትለር ጦር ኦስትሪያን ሲይዝ ቤተሰቡ ለዘመድ ጥየቃ ሃንጋሪ ነበር። ወደ ቪየናው ቤታቸው አልተመለሱም። ወይዘሮ ሬኔ ስድስት ልጆቻቸውን ይዘው ከባላቸው ጋር ወደ ፓሪስ ተሰደዱ። ከሁለት ዓመት በኋላ ጀርመኖች ፈረንሳይን ሲወሩ ደግሞ እንደገና ሸሽተው፣ በስፔን በኩል አድርገው በሰሜን አፍሪካ ጠረፍ ወደምትገኘው ወደ ታንጂር ደረሱ። ፖል ገና አሥር ዓመት አልሞላውም ነበር። ሦስተኛ አገሩ፣ ሦስተኛ ቋንቋው ማለት ነው።

ታንጂር በዚያን ጊዜ ልዩ ከተማ ነበረች። ብዙ መንግሥታት በጋራ የሚያስተዳድሯት፣ የየአገሩ ገንዘብ በነፃነት የሚመነዘርባት ወደብ ስትሆን፣ በ1940 ስፔን ይዛት እስከ ጦርነቱ ማብቂያ አቆየቻት። ሳሙኤል እንቁላሉን ትተው ገንዘብ መመንዘር ጀመሩ፤ ተሳካላቸውም። የወይዘሮ ሬኔ ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ቤት ሞልቶ ልጆች ጠግበው ሲያድሩ ብዙ ሰው «ተመስገን» ብሎ ይቀመጣል። ወይዘሮ ሬኔ አልተቀመጡም። በአውሮፓ የቀሩ ወገኖቻቸው በናዚዎች ማጎሪያ ካምፖች ውስጥ በረሃብ እያለቁ መሆናቸውን ሲሰሙ፣ ትልቋን ልጃቸውን ኤቫን ይዘው በታንጂር ያሉትን የአይሁድ ማኅበረሰብ አባሎች አስተባብረው ስንቅ መቋጠር ያዙ። ስንቁ የሚላከው በስፔን ቀይ መስቀል ስም ነበር። ቸኮሌትና ሌላም መንገድ የሚችል ምግብ በጥቅል በጥቅል እየታሰረ፣ የተቀባዩ ስም እየተጻፈበት ወደ ካምፖቹ ይጓዛል። ቴሬዚንና ኦሽቪትስ የሚባሉት የሞት ሰፈሮች ጭምር የአድራሻው ክፍል ነበሩ። ጥቅሎቹ በሺህ የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ከወጪውም ገሚሱ በአሜሪካ ከሚገኝ የአይሁዶች የእርዳታ ድርጅት የሚሸፈንበት ጊዜ ነበር።

ለታሰረ ሰው ስንቅ ቋጥራ የምታውቅ እናት ይህን ሥራ ማንም ሊያስረዳት አያስፈልግም። ስንቁ መድረስ አለመድረሱ አይታወቅም። ተቀባዩ በሕይወት ይኑር አይኑር አይታወቅም። ቢሆንም ይቋጠራል። በዚህ ላይ በዚያች ከተማ ከ1941 ጀምሮ የጀርመን ቆንስላ ተከፍቶ እንደነበር ስናስብ፣ አገር የለሿ ስደተኛ ሴት በየቢሮው እየዞሩ ፈቃድ ሲጠይቁ ምን ያህል ድፍረት እንዳስፈለጋቸው መገመት አያዳግትም።

በ1944 ጀርመኖች ሃንጋሪን ያዙ። ከግንቦት እስከ ሐምሌ በነበሩት ሁለት ወራት ገደማ ውስጥ ብቻ ከ400 ሺህ በላይ የሃንጋሪ አይሁዳውያን በባቡር ተጭነው ወደ ኦሽቪትስ ተጋዙ። ወይዘሮ ሬኔ በዚህ ጊዜ ስንቅ ብቻ እንደማይበቃ ተረዱ። የስፔን ባለሥልጣኖች ለቡዳፔስት ሕፃናት የታንጂር መግቢያ ቪዛ እንዲሰጡ ለመኑ፣ አማላጅ ላኩ፣ ወተወቱ። በታንጂር የአሜሪካ መንግሥት ተወካይ የነበሩት ሪቭስ ቻይልድስ ጉዳዩን ይዘው ረዷቸው። (እኚህ ሰው ከጦርነቱ በኋላ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአገራችን የአሜሪካ አምባሳደር ሆነው ሠርተዋል።) መጀመሪያ ለ500 ሕፃናት፣ በኋላም ተጨማሪ ለ700 ሰዎች፣ በጠቅላላው 1,200 ቪዛ ተፈቀደ። ባለ ቪዛዎቹ ታንጂርን ለማየት አልበቁም፤ ጉዞው አልተቻለም። ነገር ግን በዚያ ወረቀት ምክንያት እዚያው ቡዳፔስት ውስጥ በስፔን መንግሥት ጥበቃ ሥር ባሉ ቤቶች እንዲጠለሉ ተደረገ።

ፖል ይህን ሁሉ እያየ አደገ። በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ የልጁ የንግድ ችሎታ ከአባቱ ነው መባሉ የተለመደ ነው። እኛ ግን በበኩላችን፣ «አይሆንም» የተባለ ነገር እንዲሆን ባለሥልጣን በር ላይ ቆሞ መነጋገርን ከማን እንደ ተማረ ጥያቄ ያለን አይመስለንም።

ከጦርነቱ በኋላ ፖል በእንግሊዝና በእስራኤል የሃይማኖት ትምህርት ተከታትሎ፣ ወደ ሞሮኮ ተመልሶ በአይሁድ ሕፃናት ትምህርት ቤቶች ሥራ ላይ ተሰማራ። እንግዲህ ከዚህ በኋላ አድጓልና ሚስተር ፖል እንበላቸው። በ1956 ሞሮኮ ነፃ ስትወጣ የታንጂር ልዩ አስተዳደር አከተመ፤ ቤተሰቡም ለአራተኛ ጊዜ ሻንጣውን አነሳ። ታላቅ ወንድማቸው ኤድዋርድ ቀደም ብለው ካናዳ ገብተው ሞንትሪያል ውስጥ የወለልና የግድግዳ ሴራሚክ ከውጭ እያስመጡ መሸጥ ጀምረው ነበር። ሌሎቹም ተራ በተራ ተከተሉ። ሚስተር ፖል ከወንድሞቻቸው ከራልፍና ከአልበርት ጋር በቶሮንቶ ከተሙ።

ወደ ግንባታ የገቡበት አጋጣሚ የሚያስገርም ነው። የሴራሚኩ ንግድ ሲሰፋ መጋዘን አስፈለጋቸው። ሥራ ተቋራጮችን ዋጋ ቢጠይቁ ዝቅተኛው 125 ሺህ ዶላር ሆነ። ሚስተር ፖል ሂሳቡን ቁጭ ብለው ሠሩና «እኛው ራሳችን እንሥራው» አሉ። መጋዘኑ በ70 ሺህ ዶላር ያህል አለቀ። ከዚያ በኋላ ለሌሎች ነጋዴዎችም መጋዘንና ፋብሪካ እየገነቡ ማከራየትና መሸጥ ጀመሩ። ኦሊምፒያ ኤንድ ዮርክ የተባለው ኩባንያ የተወለደው በዚህ መንገድ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ ዌብ ኤንድ ናፕ የተባለ ታላቅ የአሜሪካ የሪል እስቴት ኩባንያ በዕዳ ሲወድቅ፣ በቶሮንቶ የነበረውን ሰፊ መሬት ወንድማማቾቹ ከሸሪኮች ጋር ሆነው ገዙት። የወደቀ ሰው ንብረት ለተነሳ ሰው መቆሚያ ሆነ። የዚህ ነገር ዕጣ በኋላ ወደ ራሳቸው ዞሮ እንደሚመጣ ማን ያውቅ ነበር?

በ1970ዎቹ አጋማሽ በቶሮንቶ መሐል ከተማ ባለ72 ፎቅ የባንክ ሕንፃ አቆሙ። ፈርስት ካናዲያን ፕሌስ ይባላል። በግንባታው ጊዜ ዕቃና ሠራተኛ ወደ ላይ ሲመላለስ የሚባክነውን ሰዓት ለመቀነስ ያወጡት ዘዴ በሙያው ሰዎች ዘንድ ተደንቆላቸዋል። ሕንፃው ከላይ እስከ ታች ነጭ የጣሊያን እምነበረድ ለብሶ ነበር። ከ30 ዓመት በኋላ በ2007 ግን አንደኛው ጠፍጣፋ ተላቆ ስለወደቀ፣ እምነበረዱ በሙሉ ተነስቶ በመስታወት ተተክቷል። የሴራሚክ ነጋዴ ሕንፃ በልባሱ መታማቱ ትንሽ ፈገግ ያሰኛል።

የኩባንያው ጠባይ ከሌሎቹ የተለየ ነበር። ዓርብ ጀምበር ስትጠልቅ የግንባታው ቦታ ጸጥ ይላል፤ ቅዳሜ ሰንበታቸው ነውና መዶሻ አይነሳም። ወንድማማቾቹ መጠጥና ጭፈራ አያውቁም፤ ለጋዜጠኛ ፊት አይሰጡም። ቃላቸው ቃል ነው የሚል ዝና ስላተረፉ፣ ባንኮች የኩባንያውን ሙሉ የሂሳብ መዝገብ ሳያዩ ያበድሯቸው ነበር። በ1975 የኒው ዮርክ ከተማ መስተዳድር ገንዘብ አልቆበት ሊወድቅ በተቃረበበትና ሰዉ ሁሉ በሸሸበት ጊዜ፣ ሚስተር ፖል ወደዚያው ሄዱ። በ1977 ስምንት ታላላቅ ሕንፃዎችን በ320 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዙ። «አበዱ» ተባሉ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ከተማዋ ስታገግም የሕንፃዎቹ ዋጋ ብዙ እጥፍ ሆነ። ከዚያም በ1980ዎቹ በማንሃተን ዳርቻ፣ ከወንዝ ላይ በአፈር ሙሌት በተገኘ መሬት ላይ የወርልድ ፋይናንሺያል ሴንተር ሕንፃዎችን አስገነቡ። ሁሉም ሲሸሽ መግባት አንዴ ካዋጣ፣ ሁልጊዜ የሚያዋጣ ይመስላል።

በዚህ ክብር መካከል በ1987 አንድ የቶሮንቶ መጽሔት የቤተሰቡን የጦርነት ዘመን ታሪክ የሚያጎድፍ ጥርጣሬ የሞላበት ረዥም ጽሑፍ አወጣ። ከሁሉም በላይ ያንገበገባቸው የእናታቸው የታንጂር ሥራ መነካቱ ነበር። ወንድማማቾቹ 102 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ጠይቀው ከሰሱ። መጽሔቱ በ1991 ስሕተት መሆኑን አምኖ ይቅርታ ጠየቀ። ወይዘሮ ሬኔ ግን ይህን አልሰሙም። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1990፣ ዘጠና ዓመት አልፏቸው ዐርፈው ነበር።

አሁን ወደ ሎንዶን እንሻገር። በቴምዝ ወንዝ ዳር፣ በምሥራቅ ሎንዶን፣ ከ1802 ጀምሮ መርከብ የሚራገፍበት ሰፊ ወደብ ነበር። ከካነሪ ደሴቶች የሚመጣ ፍራፍሬ የሚወርድበት ክፍል ካነሪ ዎርፍ ይባላል። ትልልቆቹ መርከቦች ወደ ሌላ ወደብ ሲሄዱ በ1980 ተዘጋ፤ የወደቡ ሠራተኞችም ያለ ሥራ ቀሩ። መንግሥት ቦታውን ለባንክ ቢሮዎች ግንባታ ሲያዘጋጅ ነዋሪዎቹ «ሥራና ቤት እንጂ የባንክ ፎቅ አልጠየቅንም» በማለት ተቃወሙ። በ1986 በተደረገ አንድ ሥነ ሥርዓት ላይ የበግ መንጋና የንብ ቀፎ አምጥተው በእንግዶቹ መካከል ለቀቁባቸው።

ሚስተር ፖል በ1987 ሥራውን ተረከቡ። 50 ፎቅና 235 ሜትር ቁመት ያለው ዋናው ሕንፃ በ1991 ተጠናቀቀ። እስከ 2010 ድረስ በብሪታንያ ከእርሱ የሚበልጥ ሕንፃ አልነበረም። ሕንፃው ቆመ፤ ሰው ግን አልመጣም። የሎንዶን የቢሮ ገበያ ቀዘቀዘ፤ ብዙው ፎቅ ባዶውን ሰነበተ። የመጓጓዣው ጉዳይም ነበር። ጠዋት አውቶቡስ ስትጠብቁ የምታረፍዱ ሠራተኞች ይህን ከማንም በላይ ትረዱታላችሁ፤ ቢሮው የቱንም ያህል ቢያምር ሠራተኛው በሰዓቱ የማይደርስበት ከሆነ ማን ይከራየዋል? ከመሬት በታች የሚሄደው ባቡር እንዲቀጠል ኩባንያው 400 ሚሊዮን ፓውንድ ለማዋጣት ተስማምቶ ነበር። ባቡሩ የደረሰው በ1999 ነው።

ከገበያውና ከባቡሩ የከፋው ግን የብድሩ ዓይነት ነበር። ነገሩን በቤት ወጪ እናስበው። አንዲት የቤት እመቤት ቤት ሠርታ በሃያ ዓመት ኪራይ ዋጋውን ልትመልስ አሰበች እንበል። ነገር ግን የግንባታውን ገንዘብ በየሦስት ወሩ ከሚጠየቅ አበዳሪ ወሰደች። ሰው እስካመናት ድረስ ከአንዱ ተበድራ ለሌላው እየከፈለች ትኖራለች። አንድ ቀን ጎረቤቱ «እገሊት ተቸግራለች» ብሎ ሲያንሾካሽክ ግን አዲስ አበዳሪ ይጠፋል፤ የድሮው ደግሞ ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ይጠይቃል። ኦሊምፒያ ኤንድ ዮርክም የረዥም ጊዜ ሕንፃዎቹን በከፊል ይደግፍ የነበረው በዚህ ዓይነት የአጭር ጊዜ የብድር ሰነድ ነው። በ1992 መጀመሪያ የካናዳ የብድር አቅም መዛኝ ድርጅት ደረጃውን ሲቀንስበት ሰነዱን የሚገዛ ታጣ። በግንቦት ወር ኩባንያው ከአበዳሪዎቹ ከለላ እንዲሰጠው ፍርድ ቤት ገባ። አበዳሪ ባንኮች የሂሳብ መዝገቡን በሙሉ ለማየት የጠየቁት በዚያን ጊዜ ነው። በሰው ስም ብቻ ቢሊዮን ማበደር የነሱም ጥፋት ነው ብንል የምትቃወሙን አይመስለንም።

እናታቸው ባለሥልጣን በር ላይ ሲቆሙ ያስያዙት መያዣ አልነበራቸውም፤ ቢወድቅባቸው የሚከስሩትም የራሳቸውን ደጅ መጥናት ነበር። ልጃቸው ሲወድቁ ግን ሥራ ያጡ ሠራተኞች፣ ክፍያ የቀረባቸው ተቋራጮችና ድርሻቸው የጠፋ ቆጣቢዎች አብረው ወደቁ።

ሚስተር ፖል ከዚህ በኋላ ቤታቸው አልተቀመጡም። በ1995፣ በ65 ዓመታቸው፣ የሳዑዲ ዐረቢያውን ልዑል አልወሊድንና ሌሎች ባለሀብቶችን አስተባብረው ካነሪ ዎርፍን በ800 ሚሊዮን ፓውንድ መልሰው ገዙት። ባቡሩ ሲደርስ ባዶዎቹ ፎቆች ሞሉ፤ ታላላቅ ባንኮች ገቡ፤ «አይሆንም» የተባለው ቦታ ሆነ። በ2004 ግን ሌሎች ገንዘብ ያላቸው ወገኖች በጨረታ አሸንፈው ከእጃቸው አወጡት።

በእነዚሁ ዓመታት፣ ከ2001 ወዲህ፣ በዚያ ሰፈር ሌላ ወሬ ነበር። ማታ ማታ የባንኮቹን ወለል የሚያጸዱት ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ከአፍሪካና ከሌላም አገር የሄዱ ስደተኞች፣ ልጅ የሚያሳድጉበት ደመወዝ እንዲከፈላቸው ከምሥራቅ ሎንዶን የነዋሪዎች ማኅበራት ጋር ሆነው ዘመቻ አካሄዱ። በባንኮቹ ስብሰባ ላይ ገብተው እስከ መናገር ደረሱ፤ ታላላቆቹ ባንኮችም እየተከታተሉ ጭማሪውን ተቀበሉ። ሕንፃውን ስናነሳ እነሱንም ሳናነሳ ብናልፍ ታሪኩ ጎዶሎ ይሆን ነበር።

ሚስተር ፖል ራይክማን በጥቅምት 2013 በ83 ዓመታቸው በቶሮንቶ አረፉ። ወንድማቸው ራልፍ የያዙት የሴራሚክ ንግድ በ1992ቱ ማዕበል አልሰጠመም፤ ቤተሰቡ ከሰማይ ጠቀሶቹ መውደቅ በኋላም የወለልና የግድግዳ ሴራሚክ መሸጡን ቀጥሏል።